ጠገራ ብርና የአንገት መስቀል
በአራዳና በስድስት ኪሎ ስለ አሮጌ የብር ዕቃ መሰብሰብ አጭር ታሪክ

አንድ ዕቃ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ባለቤት ሲሻገር ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል። አንደኛው ሊመዘንና ሊዳሰስ የሚቻለው አካሉ ነው፤ ሁለተኛው ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንዳደረገው፣ በየት አገርና በምን ምክንያት እንደ ተሰጠ የሚናገረው ታሪኩ ነው። አካሉ ሚዛን ላይ ሲወጣ ዋጋው ወዲያው ይታወቃል። ታሪኩ ግን በሰው አፍ ብቻ ያለ ስለ ሆነ ሻጩ ካልተናገረው፣ ገዥውም ካልጠየቀው በዚያው ሰዓት ይጠፋል። በአዲስ አበባ፣ ይልቁንም ከአራዳ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው ሠፈር፣ በአሮጌ የብር ዕቃ ላይ የደረሰው ነገር ይህንን በግልጽ ያሳያል። ለክርስቲያን ልጅ አንገት የተሠራው መስቀል፣ ለሙሽራ እግር የተሠራው አልቦ፣ ለባለጸጋ ሴት የተሠራው ድሪ በመጨረሻ በአንጥረኛው ፊት ሲቀርብ፣ ስንት ይመዝናል ከሚለው በቀር ሌላ ጥያቄ አይጠየቅበትም ነበር። ስለዚህ ሌላውን ጥያቄ ሊጠይቁ የተነሡ ሰዎችና ማኅበሮች መቼ እንደ ታዩ፣ ምን እንዳዳኑና ምን እንዳመለጣቸው መመርመር ተገቢ ነው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲታወቅ አስቀድሞ ስለ ብሩ ራሱ መናገር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ጠገራ ብር ወይም የማርያ ቴሬዛ ብር እየተባለ የሚጠራው ገንዘብ በኦስትሪያ ንግሥት በማርያ ቴሬዛ ስም የተመታ ነው። ንግሥቲቱ እ. ኤ. አ. ከ1740 እስከ 1780 ድረስ ከነገሡ በኋላ ሲሞቱ፣ መልካቸው ያለበት ገንዘብ በቀይ ባሕር ነጋዴዎች ዘንድ እጅግ የታመነ ስለ ነበረ መመታቱ አልቀረም። ከዚያ ወዲያ የተመታውም ሁሉ የሞቱበትን የ1780ን ዘመን እንደ ያዘ ቀረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከ1000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። በአንደኛው ገጽ ንግሥቲቱ የመበለት ሻሽ ተከናንበው፣ በትከሻቸውም ዕንቍ የተደረደረበት ጌጥ አድርገው ይታያሉ፤ በሁለተኛው ገጽ ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። በጠርዙም ዙሪያ ፍትሕንና ርኅራኄን የሚያነሣ የላቲን ቃል ተቀርጾበታል።

ባላገሩ ይህንን ገንዘብ ሲቀበል እንዲሁ አይቶ አያልፈውም ነበር። በትከሻው ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ይቈጥራል፤ ዘጠኝ ሆነው ካልተገኙ፣ ወይም መልኩ እጅግ ተፍቆ እንደ ሆነ፣ አልቀበልም ይላል። በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን የሚያዳምጥም ነበረ። ይህ ጥንቃቄ የድንቍርና ምልክት መስሎ የታያቸው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን መንግሥቱ የራሱን ገንዘብ ባላወጣበት ዘመን፣ ባንክም ሆነ የገንዘብ መርማሪ በሌለበት አገር፣ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ይገኛል። 1780 የሚለው ዘመን በገንዘቡ ላይ ስለ ተጻፈ ብቻ ገንዘቡ በዚያ ዓመት ተመታ ለማለት አይቻልም። ከንግሥቲቱ ሞት በኋላ በቪየናና በሌሎችም የኦስትሪያ መንግሥት ከተሞች ሲመታ ኖሯል። እ. ኤ. አ. በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ መምቻውን ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም አስመታችው። ከዚህም የተነሣ ሌሎች መንግሥታት ንግዳቸው እንዳይጐዳ በለንደን፣ በፓሪስና በብራስልስ አስመቱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በቦምባይ፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በበርሚንግሃም ተመታ። ስለዚህ አንድ ሰብሳቢ ጠገራ ብር በእጁ ይዞ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ዕቃ አገኘሁ ቢል በእጁ ያለው ምናልባት አባቱ ከተወለዱ በኋላ የተመታ ሊሆን ይችላል። ዘመኑ የተጻፈበት ዕቃ ዘመኑን አይናገርም፤ ይህም ከዚህ በታች ስለ መስቀሎቹ ለሚነገረው ነገር ሁሉ መቅድም ነው።

ጠገራ ብር በቀይ ባሕር ወደቦች፣ ይልቁንም በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ መግባት የጀመረው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲሆን በ19ኛው መቶ ዓመት በአገሩ ሁሉ ተሠራጨ። ነጋዴዎች ወርቅን፣ የዝሆን ጥርስን፣ ዝባድንና ቡናን ሸጠው ብሩን ይዘው ይመለሱ ነበር። ለጥቃቅን ግብይት ግን ብሩ እጅግ ትልቅ ስለ ነበረ አሞሌ ጨው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ የአንድ ብር ምንዛሪም ከጨው ማውጫው ርቀትና ከመንገዱ ሰላም ጋር ይጨምርና ይቀንስ ነበር። እንዲህ ሆኖ በየባላባቱና በየነጋዴው ቤት የተከማቸው ብር ሁለት ሥራ ይሠራ ጀመር። ሲያስፈልግ ገንዘብ ነው፤ ሳያስፈልግ ደግሞ ለአንጥረኛ የሚሰጥ ጥሬ ብር ነው። ብር ከሌላ አገር እንጂ ከኢትዮጵያ ማዕድን በብዛት ስላልተገኘ፣ በእነዚህ ሁለት መቶ ዓመታት የተሠራው አብዛኛው የብር ጌጥ ጠገራ እየቀለጠ የተሠራ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በመልካቸውና በአንበሳ ምልክት ያስመቱት ብር በፓሪስ የተሠራ ሲሆን፣ የመጀመሪያው 1887 ዓ. ም. የሚል ጽሕፈት ይዟል። ክብደቱ ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ተደርጎ አላዱና ሩቡም ተከትሎታል። የንጉሠ ነገሥቱ ሐሳብ አገሪቱ በራስዋ ገንዘብ እንድትገበያይ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአዲሱ ብር ጨርሶ ሳይለመድ ጠገራውን እንደ ያዘ ቀረ። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ. ም. ሥራውን ሲጀምር፣ በ1923 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ባንክ ሲተካው፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ሊሬን ሊያስለምድ ሲደክም፣ ጠገራ ብር በየጓዳው ተቀብሮ ቈየ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ. ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ የወረቀት ብርና የመዳብ ሳንቲም ተዘጋጀ፤ ከሳንቲሞቹ መካከል ሃምሳ ሳንቲሙ ብቻ ከብር ተሠራ። ክቡ የሃያ አምስት ሳንቲም መዳብ ሃምሳ ሳንቲሙን በመጠን ስለሚመስለው ግራ መጋባትን ስላመጣ፣ እ. ኤ. አ. በ1952 ጠርዙ እንደ አበባ ቅርጽ ተከርክሞ እንዲወጣ ተደረገ። ዛሬ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ክቡን ስሙኒና አበባማውን ስሙኒ ለይተው የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ጠገራው ከገበያ ሲወጣ ወዴት ሄደ? ከፊሉ ወደ ባንክ ገባ፤ ከፊሉ በሣጥን ቀረ፤ ከፊሉም ወደ አንጥረኛው እጅ ሄደ። የአንጥረኛው ሥራ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ደንበኛው ብሩን ራሱ ያመጣል። ለጌጡ የሚበቃው ብር በፊቱ ይመዘናል፤ ጌጡ ሲያልቅም እንደገና ይመዘንና ምንም እንዳልጐደለ ከታየ በኋላ የእጅ ዋጋ ይከፈላል። ብሩ በሸክላ ማቅለጫ ተደርጎ በከሰል ላይ ይቀመጣል፤ ወናፍ እየተነፋ ይቀልጣል። ከዚያ በኋላ ወይ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ቅጠል ይሆናል፤ ወይ ቀዳዳው እያነሰ በሚሄድ ብረት ውስጥ እየተሳበ እንደ ፈትል የቀጠነ ሽቦ ይሆናል። ሽቦው ተጠማዝዞና ተጠላልፎ በመስቀሉ ላይ ሲለበድ የአዲስ አበባ ሥራ ተብሎ የሚታወቀውን ለስላሳ ጌጥ ያወጣል። ወፍራሙ መስቀል ግን አስቀድሞ በሰም ይቀረጻል፤ ሰሙ በጭቃ ይለበጣል፤ ጭቃው ሲተኰስ ሰሙ ፈስሶ ይወጣና በቦታው የቀለጠው ብር ይገባል። ጭቃው ካልተሰበረ መስቀሉ አይወጣም፤ ስለዚህም በዚህ ዓይነት የተሠሩ ሁለት መስቀሎች ፍጹም አንድ ዓይነት አይሆኑም።

ከአንገት መስቀሎቹ አንዳንዶቹ ብሩ ሳይቀልጥ እንዲሁ እየተቈረጠ የተሠሩ ናቸው። በእነዚህ በመስቀሉ ክንፍ ላይ የንስሩ ላባ ወይም የንግሥቲቱ ሻሽ ተቈርጦ ይታያል። በቪየና የተመታ የንግሥት መልክ በሸዋ ገጠር በማተብ ታስሮ በሕፃን አንገት ላይ ሲንጠለጠል፣ የዓለም ንግድና የአገር ሃይማኖት በአንድ ብር ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ይህንን መስቀል የሚሠራው ሰው ራሱ ክርስቲያን ላይሆን ይችላል፤ እስላም አንጥረኞች ለክርስቲያን ደንበኞቻቸው መስቀል መሥራታቸው የታወቀ ነው። የሠሪው ስም ግን በመስቀሉ ላይ አይጻፍም። በቀድሞው ዘመን ብረት ቀጥቃጩም ሆነ አንጥረኛው በእጅ ሥራው ይናቅ ስለ ነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. የእጅ ሠራተኛን የሚሰድቡትን የሚገሥጽ አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ ጥበብን ከስድብ የሚያድን ሕግ አልነበረም። አዋጁም ቢሆን ልማዱን በአንድ ቀን አላጠፋውም። በዚህ ምክንያት በመስቀሉ ላይ የሚነበብ ስም ቢገኝ የባለቤቱ እንጂ የሠሪው አይደለም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ. ም. ከተቈረቈረች በኋላ የአገሩ ንግድ ሁሉ ወደ አራዳ ተሳበ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ፣ ይልቁንም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከየአውራጃው የመጣ ሰው የሚሰበሰብበት ነበረ። በዚያም አጠገብ የአርመን፣ የግሪክ፣ የህንድና የዓረብ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ ተወስዶ መርካቶ ሲባል፣ የአራዳው መካከል ግን ፒያሳ የሚለውን ስም አግኝቶ የሱቅ ሠፈርነቱን አልለቀቀም። የወርቅና የብር ሠሪዎች ሱቅ በፒያሳ ተደርድሮ የኖረው በዚህ ሁኔታ ነው። ሙሽራ የምታዘጋጅ እናት ወደዚያ ትሄዳለች፤ ገንዘብ የቸገረውም ሰው የእናቱን ድሪ ወደዚያ ይወስዳል። አንዱ ሱቅ አዲስ የሚሸጥበትና አሮጌ የሚገዛበት ስለ ሆነ፣ የዛሬው አዲስ ጌጥ የትናንቱ አሮጌ ጌጥ ነበረ ማለት ይቻላል። ልጅቱ ያደረገችው ቀለበት ምናልባት የአያት መስቀል ነበረ፤ ይህንን ግን እርስዋም አንጥረኛውም አያውቁም።

አሮጌ ዕቃን ለሚዛኑ ሳይሆን ለጥንታዊነቱ መፈለግ በኢትዮጵያ በመልካም አልተጀመረም። በ1860 ዓ. ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘርፎ ዘውዱን፣ መስቀሉን፣ ጽዋውንና መጽሐፉን ወሰደ። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። በደላንታ ሜዳም ዕቃው ለሐራጅ ቀርቦ ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ፤ ከገዥዎቹም አንዱ ከብሪትሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ነበረ። ከዚህም ጋር ሊታሰብ የሚገባው ይህ ጦር በመንገዱ ላይ እህልና ከብት የገዛው ከቪየና ባስመጣው ጠገራ ብር መሆኑ ነው። ከባላገሩ የገዛውን በብር ከፈለ፤ ከቤተ ክርስቲያን የወሰደውን ግን ያለ ብር ወሰደ። የኢትዮጵያ ጥንታዊ ዕቃ በውጭ አገር የሚሸጥበት የሁለተኛ እጅ ገበያ የተከፈተው በዚህ ሐራጅ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በአገር ውስጥ በእውቀት ላይ የተመሠረተ መሰብሰብ የተጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ. ም. ከተከፈተ በኋላ ነው። በኮሌጁ የተቋቋመው የሥነ ሕዝብ ማኅበር ተማሪዎችና አስተማሪዎች የየአገራቸውን ልማድ፣ የጋብቻና የለቅሶ ሥርዓት፣ የእርሻና የእጅ ሥራ ዕቃ እንዲጽፉና እንዲያሰባስቡ አደረገ፤ ጽሑፎቹም እ. ኤ. አ. ከ1953 ጀምሮ በመጽሔቱ ይወጡ ነበር። የኮሌጁ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ኮይናትስኪ ዕቃዎቹን በአንድ ቤት አሰባስበው የሙዚየሙን መሠረት ጣሉ። ተማሪው ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ከዕቃው ጋር ቃል እንዲያመጣ ይጠበቅበት ነበር። የዕቃው ስም በአገሩ ቋንቋ ምን ይባላል፤ ማን ይሠራዋል፤ ማን ያደርገዋል፤ በየትኛው ቀን ይወጣል የሚለው ጥያቄ፣ ስንት ይመዝናል ከሚለው ከአንጥረኛው ጥያቄ ፈጽሞ የተለየ ነበር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ. ም. የተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ የብዙ መኳንንት ደም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንዲፈስስ ካደረገ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለትምህርት ሰጡ፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ. ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ተመረቀ። ይህ በስድስት ኪሎ ያለው ግቢ አስቀድሞም በብዙ ኀዘን የታወቀ ነበር፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. ግራዚያኒ በዚያ ሆኖ ለድኆች ምጽዋት በሚያድልበት ሰዓት ቦምብ ከተጣለበት በኋላ፣ በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት በአደባባዩ ሐውልት ይታሰባል። በ1955 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲቋቋም ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ፤ ኮይናትስኪም የመጻሕፍት ቤቱንና የሙዚየሙን ሥራ ያዙ። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የአንገትና የእጅ መስቀል፣ የመጾር መስቀል፣ ሥዕል፣ ገንዘብና የቤት ዕቃ ቦታ አገኘ።

ነገር ግን ሙዚየም የሚገዛው በገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ አነስተኛ ነበር። በዚያው ዘመን የአውሮፕላን ጉዞ ስለ ቀለለ ጐብኝዎች በዝተው አሮጌ መስቀልና ሥዕል የሚፈልጉ ሆኑ፤ በፒያሳና በቸርችል ጎዳና የጥንታዊ ዕቃ ሻጮች ተበራከቱ። ገበያው ከሙዚየሙ ይልቅ ፈጣን ነበረ። ከገጠር የመጣው ነጋዴ ዕቃውን በጠዋት ቢያመጣ በማታ በጐብኝው ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ የሙዚየሙ የወጪ ፈቃድ ግን ቀናት ይጠይቃል። ይህንን ችግር ለማቃለል እ. ኤ. አ. በ1968 የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ፤ ዓላማውም ከአባላቱ በሚገኘው ገንዘብ ከገበያው ላይ ጥንታዊ ዕቃ እየገዛ ለሙዚየሙ መስጠትና ከአገር እንዳይወጣ ማድረግ ነበር። ማኅበሩ ገበያውን ሊዘጋው አልቻለም፤ በገበያው ውስጥ ገብቶ መሽቀዳደምን ግን ቻለ።

የአሮጌ ብር ዕቃ ገዥ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ነገር ከዚህ ታሪክ የሚከተል ነው። ከላይ እንደ ተነገረው በጠገራው ላይ የተጻፈው ዘመን ምስክር አይሆንም፤ በመስቀሉ ላይም ብዙ ጊዜ ዘመን አይጻፍም። ስለዚህ አዋቂው የሚያየው ሌላ ምልክት ነው። ለብዙ ዓመት በማተብ የተንጠለጠለ መስቀል ማንጠልጠያው ከላይ በኩል በክር ተበልቶ ይሣሣል፤ በደረት ላይ የሚታሸው ጀርባው ልሙጥ ይሆናል፤ ጠርዙም ይለሰልሳል። አርጅቶ እንዲመስል በጢስ የጠቈረ አዲስ መስቀል ግን ጥቍረቱ በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት ሲሆን ማንጠልጠያው ያልተነካ ነው፤ የሞረዱም ምልክት በጓዳ ጓዳው ይታያል። እነዚህ ምልክቶች መስቀሉ መደረጉንና አለመደረጉን ይናገራሉ፤ ማን እንዳደረገውና በየት አገር እንደ ሆነ ግን አይናገሩም። ኮይናትስኪ ለብዙ ዓመታት ስለ መስቀል ያጠኑትን እ. ኤ. አ. በ2006 በታተመ ትልቅ መጽሐፍ የመስቀሎቹን ቅርጽና የዘመን ቅደም ተከተል ሲያስረዱ፣ ከሥዕልና ከጽሑፍ ጋር እያስተያዩ መሄድ ያስፈለጋቸው ዕቃው ራሱ ብቻውን ስለማይመሰክር ነው።

ለአሮጌ ብር ከሐሰተኛ ሻጭ ይልቅ የሚያስፈራው ጠላት እሳቱ ነው። አንድ ጠገራ ብር በውስጡ 23 ግራም ከግማሽ የማይሞላ ጥሩ ብር አለው፤ የብር ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወጣ የዚህ ብር ዋጋ ከጌጡ ዋጋ ይበልጣል። እ. ኤ. አ. በጥር 1980 የአንድ ወቄት ብር ዋጋ ወደ 50 ዶላር በደረሰ ጊዜ በአንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ብር ብቻ ከ35 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በየትም አገር የቆየ ጌጥ ወደ ማቅለጫ ይገባል። የተሰረቀ መስቀል ምናልባት አንድ ቀን ይገኛል፤ የቀለጠ መስቀል ግን አይገኝም። ስለዚህም ሰብሳቢ አሮጌውን ዕቃ ከብሩ ዋጋ አስበልጦ ሲገዛ ከእሳት እያዳነው መሆኑ አይካድም፤ ይህ የገበያው መልካም ጐን ነው። ክፉ ጐኑ ደግሞ ይኸው ዋጋ ሌባውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መጥራቱ ነው።

ሕግ በዚህ መካከል ለመግባት ሞክሯል። እ. ኤ. አ. በ1966 የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229፣ በ1982 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 36፣ በ1992 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ሁሉም ቅርስ እንዲጠበቅና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የታሰቡ ናቸው። ሆኖም እ. ኤ. አ. በ1997 አፍሮ አይገባ የተባለው ታዋቂው የላሊበላ መስቀል ተሰርቆ እስከ ቤልጅግ ድረስ ሄደ፤ በ2001 እስኪመለስ ድረስም አገሩ ሁሉ ሲያዝንበት ኖረ። ይህ መስቀል የተመለሰው ካህናቱና ሕዝቡ ስላወቁት፣ ፎቶግራፉና ዝናውም ስለ ተመዘገበ ነው፤ ስም የሌለው የአንድ ገጠር መስቀል ቢሰረቅ ኖሮ የእኛ ነው ብሎ ለመከራከር ማስረጃ አይገኝም ነበር። በ2021 እ. ኤ. አ. ከመቅደላ የተዘረፉ ዕቃዎች በእንግሊዝ አገር ለሐራጅ ሊቀርቡ ተዘጋጅተው ሳለ ሽያጩ ቀርቶ፣ ከሌሎች ጋር ተገዝተው ለኢትዮጵያ ሲመለሱም ያዳናቸው የመነሻ ስማቸው ነው። መቅደላ የሚለው ቃል ከዕቃው ጋር ስላልተለያየ ከ150 ዓመት በኋላ ባለቤቱን ለማወቅ ተቻለ።

በ2016 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የመንገድ ልማት ሥራ የፒያሳ አሮጌ ሠፈር ብዙው ክፍል ፈርሷል። ሱቅ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ ሠፈር ለብዙ ዘመን ሲሠሩ የኖሩ አንጥረኞች ሲበተኑ፣ የትኛው መስቀል የየትኛው እጅ ሥራ እንደ ሆነ አይቶ የሚያውቀውም ዓይን አብሮ ይበተናል። ይህ እውቀት በመጽሐፍ ስላልተጻፈ ሊመለስ የሚችለው ሽማግሌዎቹ ሳሉ ከአፋቸው ከተጻፈ ብቻ ነው።

እንግዲህ የሰብሳቢ ሥራ ምን ላይ እንደሚጀምር ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከአንጥረኛው ሱቅ የተገዛ መስቀል በሣጥን ብቻ ቢቀመጥ፣ ባለቤቱ ሲሞት ልጆቹ እንደገና ወደ ሚዛኑ ይወስዱታል፤ ታሪኩ ስለማይታወቅ ዋጋው ያው ክብደቱ ይሆናል። ከመስቀሉ ጋር ግን አንዲት ወረቀት ብትታሰር፣ በወረቀትዋም ላይ ይህ መስቀል በዚህ አገር፣ በዚህ ዓመት፣ ከእንዲህ ካለች ሴት ተገዛ፤ እርስዋም ከእናትዋ የወረሰችው ነው ተብሎ ቢጻፍ፣ መስቀሉ ከእሳት የሚያድነውን ዋስ አገኘ ማለት ነው። በስድስት ኪሎ ሙዚየም ከመስቀሉና ከድሪው ሁሉ የሚበልጠው ሀብት የዕቃው ቁጥርና ቃል የተጻፈባቸው ካርዶች ናቸው ቢባል የሚያስደንቅ አይደለም። ጠገራው 1780 ብሎ ይዋሻል፤ መስቀሉም ዝም ይላል፤ የሚናገረው ጊዜ ሳያልፍ ጠይቆ የጻፈው ሰው ብቻ ነው።